ቦምቦሊኖና የመጀመሪያው እምቢታ

በየዓመቱ የካቲት ሲቃረብ፣ ዙሪክ በምሠራበት ቢሮ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትልቅ የካርቶን ሳጥን ይቀመጣል። ውስጡ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ በዘይት የተጠበሰ፣ ዱቄት ስኳር የተነሰነሰበት ቂጣ መሳይ ነገር ተደራርቧል። እዚህ ፋስናኽትኪኽሊ ይሉታል፤ ስሙን ጠርቶ ከመጨረስ እሱን በልቶ መጨረስ ይቀላል። ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር ያው የዓምናው ክርክር ይነሳል። ከሊዮን የመጣው ባልደረባዬ "ይኼማ የእኛው ቡኝ ነው፤ ከእኛ ነው የወሰዳችሁት" ይላል። ጣሊያናዊቷ ደግሞ ሁላችሁም ከእኛ ነው የወሰዳችሁት ትላለች። ሊጥ ነው፤ ዘይት ነው፤ ስኳር ነው። ምኑ እንደሚያከራክራቸው አይገባኝም።

ዘንድሮ ሳጥኑን እያዞረ የሚያድለው ልጅ እኔ ጋ ደርሶ "ትፈልጊያለሽ?" አለኝ። "አይ፣ አመሰግናለሁ" አልኩት። አልፎኝ ሄደ። እንዲሁ፣ ዞር ብሎ እንኳን ሳያየኝ። እዚሁ አገር ተወልጄ እዚሁ አድጌ፣ አፌ አሁንም መጀመሪያ እምቢ ይላል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ፣ ምራቄን እየዋጥኩ፣ በራሴ ተናድጄ ኮምፒውተሬ ላይ አፈጠጥኩ። ያ የትኩስ ዘይትና የስኳር ሽታ ደግሞ ሁልጊዜ የሚወስደኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ላንሲ፣ አራተኛ ፎቅ፣ አክስቴ ሰዓዳ ጨጓራዬን የላጠችበት ዓመት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እኔና እናቴ ጄኔቭ፣ ላንሲ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል ቤት ነበረን። እናቴ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። በዚያ ዓመት በመስከረም ታናሽ እህቷ ሰዓዳ ከስደተኞች መጠለያ ወጥታ እኛ ጋ ገባች። እኛ ጋ ስል እኔ ክፍል ማለቴ ነው። ፍራሿ ከአልጋዬ ሥር ተነጠፈ። ሱብሂ ልትሰግድ ስትነሳ እኔን ላለመቀስቀስ በጣቶቿ ጫፍ ትራመዳለች፤ ወለሉ ደግሞ በጣቶቿ ጫፍ ስትራመድ የባሰ ይንጣጣል። መብራቱን አብርታ እንደ ሰው ብትራመድ ይሻለኝ ነበር።

አክስቴ ደሴ እያለች አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ቦምቦሊኖና ፓስቲ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር። ሐያት የምትባል ልጅ አለቻት፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ ደሴ አያታችን ጋ ነው የቀረችው። አክስቴ የተሰጣት ወረቀት ፔርሚ ኤፍ ይባላል። ይህች ወረቀት እዚህ መኖር ትፈቅዳለች፣ ልጅ ማስመጣት ግን በቀላሉ አትፈቅድም። መጀመሪያ ቋሚ ሥራ ይዞ በራስ ደመወዝ መተዳደር ያስፈልጋል። ይህን አንድ የቢሮ ሰውዬ ለእናቴ ነገራት፣ እናቴ ለአክስቴ ነገረቻት፣ አክስቴ ደግሞ ለሁሉም ሰው በቀን አምስት ጊዜ ትናገራለች። "ሥራ ባገኝ እኮ ሐያቴ ትመጣለች። አንድ ሥራ ብቻ! ኢንሻአላህ።" ጥርሴን ስቦርሽ እሰማዋለሁ፤ የቤት ሥራዬን ስሠራ እሰማዋለሁ።

እናቴ ደግሞ ስጦታ የምትሰጠኝ ይመስል ፊቷ እየበራ "ሐያት ስትመጣ ካንቺ ጋር ትተኛለች። እንደ እህት!" አለችኝ። ተነስቼ ማስመሪያዬን አመጣሁና አልጋዬን ለካሁት። ስፋቱ ዘጠና ሳንቲ ሜትር ነው። ለሁለት ሲካፈል አርባ አምስት። አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ግድግዳው ጥግ ተለጥፌ ተኛሁ፤ አንድ እጄ ተርፎ ወጣ። እኔን አንድም ሰው አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሌላው ልጅ ካርቱን ያያል። እኔ ግን ሊጥ ላይ ነኝ። አክስቴ ዓርብ ማታ ታቦካውና በፕላስቲክ ሳፋ አድርጋ ትሸፍነዋለች፤ የምትሸፍነውም በእኔ ብርድ ልብስ ነው። "ቤቱ እኮ ይሞቃል፣ ሾፋዥ አለ" ብላት "ሊጥ እንደ ሕፃን ነው፣ ካልተሸፈነ አያድግም" ትለኛለች። ጠዋት እሷ ትዳምጣለች፣ እኔ በብርጭቆ አፍ ክብ ክቡን አወጣለሁ፣ መሐሉን ደግሞ በለስላሳ ጠርሙስ ክዳን እበሳለሁ። ክዳኑ ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ ካለ "ይኼ ቦምቦሊኖ ነው ወይስ ጆሮ?" ብላ ደፍጥጣ ትመልስልኛለች። ስናወራ አማርኛ ከተሳሳትኩ ደግሞ እዚያው ታርመኛለች። ዛሬ ይህን የምጽፍበት አማርኛ ግማሹ ያን ክረምት በሊጥ መሐል የገባኝ ነው፤ ስለዚህ ማማረር አልነበረብኝም። አማርሬአለሁ።

ዘይቱ ሲግል ከሊጡ ቆንጥራ ትጥልና ጆሮዋን ታዘነብላለች። "ስሚው። ገና ነው፣ አላወራም።" ትንሽ ቆይታ ሌላ ትጥላለች። "አሁን አወራ! አምጪ፣ አምጪ!" መስኮት አይከፈትም። መስኮት ከተከፈተ ብርድ ይመታናል፣ እሷም እኔም እንሞታለን። ስለዚህ ሽታው ከእኛ በቀር መሄጃ የለውም፤ ፀጉሬ ውስጥ፣ ሹራቤ ውስጥ፣ የደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ይገባል። ሰኞ ክፍል ውስጥ ከኋላዬ የምትቀመጠው ልጅ አንገቷን አስግጋ ታሸተኝና "ዛሬም ድንች ጥብስ በላሽ?" ትለኛለች። ድንች ጥብስ! ቢያንስ በትክክለኛው ነገር ብትሰድበኝ ጥሩ ነበር።

ከገና በፊት ትምህርት ቤታችን የምግብ ቀን አዘጋጀ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የአገሩን ምግብ እንዲያመጣ ተባለ። እናቴ ሥራ ስለነበረባት አክስቴን ከሁለት ትሪ ቦምቦሊኖ ጋር ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ግማሹ የተጠበሰ ሊጥ ነው። የፖርቱጋሉ ልጅ እናት ክብ የተጠበሰ ሊጥ አምጥታለች፤ የስፔኗ ረጅም፤ የቱርኩ አባት በሽሮፕ የተነከረ ትንንሽ ኳስ። የቱኒዚያው ልጅ እናት ልክ እንደኛው መሐሉ የተበሳ ይዛ መጥታ "ባምባሉኒ ይባላል" ስትል ደሜ ፈላ። ቅርጹን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ጭምር ወስደውብናል! ወደ አክስቴ ሮጬ "ሰርቀውናል!" አልኳት።

አክስቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ምን ይሰርቁናል፣ እናትዬ! እኛም እኮ ከጣሊያን ነው የወሰድነው።" የበለጠ ተናደድኩ። ቦምቦሊኖን የሚያክል የአማርኛ ቃል ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ደግሞ አስተናጋጅነቷን ጀመረች። ሰው ባለፈ ቁጥር ትሪውን ደረቱ ድረስ ታስጠጋለች። "ብሉ እንጂ! ምነው አንድ ብቻ? በሞቴ!" "ምን አለች?" ትለኛለች አስተማሪዬ። እንግዲህ "በሞቴ" በፈረንሳይኛ ምን ይባላል? አሰብኩ፣ አሰብኩና "ካልበላሽ እሞታለሁ ትላለች" አልኳት። አስተማሪዬ ብርጭቆዋን አስቀምጣ አክስቴን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ከዚያም ሦስት ቦምቦሊኖ አከታትላ በላች። አክስቴ "አየሽ፣ ሲለመኑ እኮ ይበላሉ፤ እነዚህም እንደ እኛው ናቸው" አለችኝ። ይህን አባባሏን ልብ ብዬ ብይዝላት ኖሮ ጥሩ ነበር።

ማዳም ኮሌትን ያገኘናት በዚያን ቀን ነው። ትራም ፌርማታው አጠገብ ያለው ትንሽ ዳቦ ቤት ባለቤት ናት፤ ስልሳ ዓመት አልፏታል፤ የልጅ ልጇ የክፍል ጓደኛዬ ነው። እሷም የአገሯን የተጠበሰ ሊጥ ይዛ መጥታለች፤ ዙሪክ ያንን ረጅም ስም የሰጡትን ጄኔቭ ሜርቬይ ይሉታል። ከእኛ ትሪ አንድ ቦምቦሊኖ አንስታ ገለበጠችው፤ ገመሰችው፤ አሸተተችው። በላችና ሌላ ደገመች። ከዚያም ወደ እኔ ጎንበስ ብላ "አክስትሽ ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ሱቄ ትምጣ፣ እኔም የእኔን አሠራር ላሳያት" አለችኝ።

በጥር ሄድን። አክስቴ ነጭ ሻሽ አሰረች፤ እኔን ፀጉሬን እስኪያመኝ ድረስ ጎነጎነችኝ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው ማዕድ ቤት ገና ኮታችንን ሳናወልቅ "በምን እንደሚጠበስ ጠይቂያት" አለችኝ። "በሱፍ ዘይት ነው ትላለች።" "የአሳማ ስብ የለበትም?" "የለበትም ትላለች።" "ብረት ድስቱስ? ከዚህ በፊት በአሳማ ስብ ተጠብሶበት እንደሆነ?" "አክስቴ!" "ጠይቂያት ብያለሁ።" ማዳም ኮሌት ሳትቆጣ መለሰች፤ ሱቁን ከገዛች ጀምሮ ከዘይት ሌላ ነገር ገብቶበት አያውቅም። በአራተኛው ጥያቄ የዘይቱን ጠርሙስ አምጥታ አክስቴ እጅ ላይ አስቀመጠችው። አክስቴ ሥዕሉን አየች፤ የሱፍ አበባ ነው። "አልሐምዱሊላህ" ብላ ኮቷን አወለቀች።

ማዳም ኮሌት ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ንጹሕ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ የሊጥ ቁራጭ አንስታ ጨርቁ ላይ ጣል አደረገችና በሁለት እጇ እየሳበች ጉልበቷ ላይ ታሳሳው ጀመር። "ጥንት እናቶቻችን እንዲህ ነበር የሚሠሩት" አለች። አክስቴ ፊቷ ተለዋወጠ። "ጉልበቷ ላይ? አዑዙ ቢላህ! ሰው የሚበላውን ነገር ጉልበቷ ላይ?" ከዚያ ደግሞ ቶሎ ብላ "ይኼን አትተርጉሚ" አለችኝ። ሁልጊዜ አትተርጉሚ የምትለኝ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው።

ማዳም ኮሌት ግን እጇን አሟት ኖሮ ሊጡ መሐል ላይ ተቀደደባት። ሁለተኛውም ተቀደደ። አክስቴ ከዚያ በላይ ዝም ብላ ማየት አልቻለችም፤ እጇን ታጥባ አንዱን አነሳችና በሁለት መዳፎቿ ጀርባ ላይ እያሽከረከረች ዘረጋችው። ሊጡ እየሰፋ፣ እየሳሳ ሄዶ ከበስተኋላው ጣቶቿ ታዩ። ማዳም ኮሌት የዘይቱን ሙቀት የምትለካበት ብረት ልታመጣ ስትነሳ፣ አክስቴ ቆንጥራ ጣለችና ጆሮዋን አዘንብላ "አወራ" አለች። ማዳም ኮሌት ብረቱን ነክራ ቁጥሩን አየች። ቁጥሩን አየች፣ አክስቴን አየች፣ እንደገና ቁጥሩን አየች።

የመጨረሻው ሜርቬይ ከዘይት ሲወጣ ማዳም ኮሌት እጇን በፎጣ እየጠረገች እንድተረጉም ቀስ ብላ ተናገረች። እጇ እንደ ድሮው አይታዘዛትም። ሜርቬይ የሚበላበት የካርኒቫል በዓል እየደረሰ ነው፣ ብቻዋን አትችለውም። አክስቴ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምራ ብትሠራላት ደስ ይላታል፤ ሥራው ከተስማማቸው ደግሞ ከዚያ በኋላ የዓመት ሙሉ ኮንትራት ትፈርምላታለች። "ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት።"

ተረጎምኩላት። አክስቴ ትከሻዬን ጨበጠችው፤ እስኪያመኝ ድረስ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አስቀምጣ "ኧረ አይ፣ አይ! እኔ ምን ችዬ! የእርስዎ የመሰለ እጅ እያለ የእኔ ደግሞ ምን እጅ ነው? ግድ የለም፣ ይቅርብኝ በያቸው" አለች።

ይህን እምቢታ የማባዣ ሠንጠረዥን ከማውቀው በላይ አውቀው ነበር። እቤታችን መጥቶ በመጀመሪያ ጥያቄ ሻይ የጠጣ እንግዳ አይቼ አላውቅም። "አይ፣ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት" ይላል፤ እናቴ "አፈር ስሆን" ትላለች፤ "በጭራሽ፣ አትቸገሪ" ይላል፤ "እኔ ልሙት" ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ብርጭቆ ይጠጣል። የመጀመሪያው እምቢታ መልስ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ለማዳም ኮሌት "እንደገና ጠይቂያት" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቃሉን በፈረንሳይኛም በደንብ አውቀው ነበር።

ማዳም ኮሌት ታየኛለች። አክስቴ በእንባ ፈገግ ብላ ታየኛለች። እኔ ደግሞ የማየው አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው።

"አይ፣ አመሰግናለሁ ትላለች" አልኩ።

"ያሳዝናል" አለች ማዳም ኮሌት። ግንባሯን ትንሽ ቋጠረች፤ ከዚያም በወረቀት ከረጢት ሜርቬይ ሞልታ ሰጠችኝና በሩን ከፈተችልን። አንድም ጊዜ ጨምራ አልጠየቀችም። እዚህ አገር ሰው አልፈልግም ካለ አልፈለገም ማለት ነው፤ ደግሞ መጠየቅ ማስቸገር ነው። ይህንንም አውቅ ነበር።

ውጭ ስንወጣ አክስቴ "ምን አለች?" አለችኝ። "ያሳዝናል አለች።" "አየሽ! ከልቧ ነው የፈለገችኝ። ቅዳሜ ደግማ ትጠይቀኛለች።" ትራሙ ውስጥ ሜርቬይ እየሰበረች ታጎርሰኛለች፤ ዱቄት ስኳሩ ኮቴ ላይ ይረግፋል፤ እኔ እሱን አራግፋለሁ።

ቅዳሜ መጣ። አክስቴ ነጩን ሻሿን ተኩሳ አሰረችና በዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ቀስ ብለን አለፍን። ማዳም ኮሌት በመስታወቱ ውስጥ እጇን አውለበለበች። "ሥራ በዝቶባታል" አለች አክስቴ። በሳምንቱ ደግሞ እኔን ቦምቦሊኖ አስይዛ ላከችኝ። "ምንም እንዳትያት። ዝም ብለሽ ስጫት፣ እሷ ራሷ ታነሳዋለች።" ሰጥቼ መጣሁ። "ምን አለች?" "አመሰገነች።" "ሌላስ?" "ሌላ ምንም።" "ስለ እኔ አልጠየቀችም?" "ደህና ናት ወይ አለች።" "አየሽ!" ይህ ሰውን የሚያሳብድ "አየሽ" በየሳምንቱ ይደገማል። አናቷ ላይ ጮኼ "አትጠይቅሽም!" ማለት ያምረኝ ነበር። ግን ለምን ብትለኝ ምን እላለሁ? ስለዚህ በእሷ ላይ እናደዳለሁ። የሠራሁትን ረስቼ፣ አርፋ አለመቀመጧ ያናድደኛል።

ሐያትን ስልክ ላይ በምስል ስታገኛት ደግሞ ነገሩን ሁሉ ነገረቻት። "ሥራ ላገኝ ነው ልጄ፤ አሁን ቢበዛ በሁለት ሳምንት።" ሐያት ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶት "ወላሂ?" አለች። ከዚያ እኔን አስጠርታ፣ ሰላም እንኳን ሳትለኝ "እኔ ግድግዳው ጋ ነው የምተኛው፣ እሺ?" አለችኝ። ግድግዳው ጋ የምተኛው እኔ ነኝ! የተረፈኝ ትንሽ ጸጸት እዚያው ተነነ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ራሷ ዳቦ ልትገዛ ሄደች። ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ ማዕድ ቤት ገባች። እኔና አክስቴ ሊጥ ላይ ነን።

"ሰዓዳ፣ ሥራ አልፈልግም ብለሽ ኖሯል?"

"እኔ? ማን አለ?"

"ማዳም ኮሌት ናት ያለችው። እህትሽ አልፈልግም አለችኝ፣ አዘንኩ አለችኝ። አንድ ወጣት ቀጥራለች፤ አሁን ራሱ ሽርጥ ለብሶ አየሁት።"

አክስቴ በሊጥ የተለወሰ እጇን ይዛ ቆመች። "ግን እኮ... አንድ ጊዜ ነው እምቢ ያልኩት" አለች። "አንድ ጊዜ እኮ ነው።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ነሽ የተረጎምሽው። አታውቂም ነበር?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ "እሷ ያለችውን ነው ያልኩት" አልኩ። እናቴ ልትናገር አፏን ስትከፍት አክስቴ ቀደመቻት። "ተያት በአላህ! ልጅ ናት። እዚህ የተወለደች ልጅ የእኛን ይሉኝታ ከየት ታውቀዋለች?" አለችና በሊጥ በተለወሰ እጇ ፊቴን ይዛ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ሊጡ ቅንድቤ ላይ ደረቀ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሻሿን እንኳን አልቀየረችም። እጄን ይዛኝ ወጣች። ዳቦ ቤቱ እስከ በሩ ድረስ ሰው ተሰልፏል። አክስቴ፣ ሰው ፊት መጉረስ የምታፍረው አክስቴ፣ ሰልፉን አልፋ ማዳም ኮሌት ፊት ቆመች። "በያቸው፤ እፈልጋለሁ በያቸው። ያኔም እፈልግ ነበር፣ አሁንም እፈልጋለሁ። ልጅ አለችኝ በያቸው።"

ይህን ግን ጨማምሬ ተረጎምኩት። እባክሽን አልኩ፤ አንድ ልጅ አለቻት፣ ደሴ ናት፣ ትጠብቃለች አልኩ፤ ያላለችውን ሁሉ አልኩ። ማዳም ኮሌት ፊቷ ቀላ። "እኔ እኮ ጠይቄአት ነበር" አለች። "ልጁ ኮንትራቱን ፈርሟል፣ አሁን ውጣ ልለው አልችልም። ከፈለገች ያኔ ለምን አልነገረችኝም?"

"አንድ ጊዜ ብቻ እኮ ነው የጠየቁኝ በያቸው።"

ነገርኳት። ማዳም ኮሌት አክስቴን አየች፤ ከዚያ የሚያዳምጡትን የሰልፉን ሰዎች አየች። "እና ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቀው?" አለች። ለማሾፍ አልነበረም፤ በእውነት አላወቀችም። አንድ ዳቦ በነፃ ልትሰጠን ወረቀት ጠቀለለች። አክስቴ "አይ" ልትል አፏን ስትከፍት አየኋት፤ ዋጠችውና እጇን ዘርግታ ተቀበለች።

ከዚያ ቀን በኋላ አክስቴ እምቢ ማለት ተወች። ነገሩ ያስቃል፣ ግን አብሮ ለሚኖር ሰው መዓት ነው። ማንም ሰው በፈረንሳይኛ አፉን ከከፈተ ሳይጨርስ "ዊ!" ትላለች። ፕላንፓሌ አደባባይ ላይ ለአንድ መጽሔት አስመዝጋቢ "ዊ" ብላ፣ ምዝገባውን ለማሰረዝ እናቴ ሁለት ወር ደብዳቤ ጻፈች። ሐኪሙ "እዚህ ጋ ያምሻል?" ሲላት "ዊ"፤ "እዚህስ?" "ዊ።" አስተማሪዬ ለወላጆች ስብሰባ ወንበር የሚደረድር ሰው ስትፈልግ "ዊ"፤ ደርዳሪዋ እኔ ሆንኩ። በየሄደችበት በሰዓት የሚከፈል የጽዳት ሥራ ስትጠየቅም "ዊ"። ያ ሁሉ ዊ ግን ተጠራቅሞ አንድ ኮንትራት አልሆነም። በአረጋውያን መጦሪያ ማዕድ ቤት ቋሚ ሥራ እስክታገኝና ሐያትን የማስመጣቱ ወረቀት እስኪያልቅ ሁለት ዓመት ሄደ። ሁለቱን ዓመት ሙሉ በአልጋዬ ላይ እንደ ልቤ ተንደላቅቄ ተኛሁ። ለአክስቴ እውነቱን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ሐያት በኅዳር መጣች። አክስቴ ከአንድ ቀን በፊት ወፍራም ቀይ ጃኬት ገዝታላት ነበር፤ ቁጥሩን በግምት ነው የያዘችው። በስልክ የሚታየው ፊት ነው፣ ቁመት አይታይም። አውሮፕላን ማረፊያው በር ተከፍቶ አንዲት ቀጭን፣ ከእናቴ እኩል የሆነች ልጅ ሻንጣ እየገፋች ወጣች። አክስቴ በልጅቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ከኋላዋ የሚወጡትን ትንንሽ ልጆች ታያለች። "እማ" እስክትላት ድረስ አላወቀቻትም።

ተቃቅፈው ካለቀሱ በኋላ እዚያው ሰው መሐል ጃኬቱን ልታለብሳት ሞከረች። እጅጌው ክርኗን አልፎ ትንሽ እንደሄደ ቆመ። አክስቴ ጎተት ጎተት አደረገችው፤ እንደገና ጎተተችው። ከዚያ አውልቃ፣ አጥፋ ያዘችውና ወደ እኔ አየች።

ለእኔ ልክ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ለበስኩት፤ አንድም ቀን አልበረደኝም።